ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር በ54 ደቂቃ

አንድ ወጣት ጎረቤታችን ባለፈው ዓመት ለሥልጠና ወደ ባሕር ዳር እንዲሄድ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ደረሰው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ማታ ማታ በምንቀመጥባት ሻይ ቤት ሆኖ ስልኩን አወጣና የሁለቱን ከተሞች ስም ጽፎ ርቀታቸውን ጠየቀ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ ርቀት 316 ኪሎ ሜትር፣ የበረራ ጊዜ 54 ደቂቃ። አጠገባችን ጋቢያቸውን ተከናንበው የተቀመጡ አንድ አዛውንት ይህን ሲሰሙ «አውሮፕላኑ ከወዴት ነው የሚነሣው ልጄ? ከጠባሴ?» አሉና ሁላችንም ሳቅን። ከተማችን መደበኛ በረራ የሚያስተናግድ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን ጥያቄው ከእኔ ጋር ቀረ፤ አውሮፕላን በሌለበት አገር 54 ደቂቃው ከየት መጣ?

ቁጥሩ የመጣው ከስሌት ብቻ ነው። እያንዳንዱ ከተማ በኬክሮስና በኬንትሮስ የሚነገር አድራሻ አለው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ባሕር ዳር 11 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ አካባቢ ላይ ናት። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ባሕር ዳር ከእኛ 210 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ 235 ኪሎ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ምዕራብ ትርቃለች ማለት ነው። ሁለቱን ጎኖች ይዞ ሰያፉን ማግኘት ትምህርት ቤት የተማርነው የፓይታጎረስ ሒሳብ ነው። ርቀቱ በሺዎች ሲቆጠር የምድርን ክብነት ማስገባት ግድ ይላል፤ በዚህን ጊዜ የምድር ግማሽ ወርድ 6,371 ኪሎ ሜትር ተደርጎ ይያዝና በክቡ ገጽ ላይ የሚያልፈው አጭሩ መስመር ይሰላል። አብራሪዎችም ሆኑ መርከበኞች ርቀትን በባሕር ማይል የሚናገሩት ከዚሁ የተነሣ ነው፤ አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ሲሆን፣ ይህም ከአንድ ዲግሪ ኬክሮስ አንድ ስልሳኛው ነው።

ርቀቱ በዚህ መንገድ ከተገኘ በኋላ ጊዜውን ማውጣት ለማስያው ቀላል ነው። ብዙዎቹ ማስያዎች ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ አንድ ፍጥነት ያካፍሉና ለመነሣትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል። 316 ኪሎ ሜትር በዚህ ፍጥነት 24 ደቂቃ ይሆናል፤ 30 ሲጨመርበት 54። በዚሁ ቀመር ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ብንጠይቅ፣ ቀጥታው ርቀት 113 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ መልሱ 38 ደቂቃ ይመጣል፤ ከእነዚህ ውስጥ መንገዱ የሚወስደው 8ቱን ብቻ ሲሆን የቀሩት 30ዎቹ ለሌለ አውሮፕላን መነሻና ማረፊያ የተመደቡ ናቸው። ማስያው አውሮፕላን ማረፊያ ይኑር አይኑር አይጠይቅም፤ ሁለት ነጥብ ከተሰጠው ይበቃዋል።

እንዲያም ሆኖ ቀጥታው መስመር ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። መስመሩን በካርታ ላይ በማስመሪያ ስቤ ስከተለው ስለ ሰሜን ሸዋ አቀማመጥ ከብዙ ንግግር የበለጠ ነገረኝ። ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ ሲሄድ በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ አጠገብ ያልፋል፤ የጀማንና የወንጭትን ሸለቆዎች ይሻገራል፤ የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ጠርዝ ነክቶ ዓባይን ያቋርጣል፤ ከዚያ በሞጣ ሰማይ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ከሦስቱ ሸለቆዎች አንዱ እንኳ በቀጥታ የሚወረድና የሚወጣ አይደለም። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን ባሕር ዳር በመኪና የሚሄድ ሰው በተለመደው መንገድ ፊቱን ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ደቡብ ያዞራል። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ በፍቼና በጎሐ ጽዮን አድርጎ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ በደጀን በኩል ጎጃምን ይዘልቃል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ድምሩ ወደ 690 ይጠጋል። 316 የተባለው 690 ሆነ፤ ከእጥፍ በላይ። አንድ የሰሜን ሸዋ ሰው ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ክልሉ ዋና ከተማ ሲሄድ መጀመሪያ ከክልሉ መውጣት ይኖርበታል ማለት ነው፤ ይህን ለምደነዋልና አይገርመንም።

ወደ ቆላው ሲወረድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት በቀጥታ ከ55 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ቢሆንም በመንገድ 95 ያህል ነው። ምክንያቱን በጣርማ በር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው ዋሻ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ነው፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዋሻው አፍ ጉም ሲወርድ ሹፌሩ መብራት አብርቶ፣ ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ቀኝ፣ ቀኝ» እያለ የሚታለፍበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ያለውን ቁልቁለት በኪሎ ሜትር መናገር ብዙም ትርጉም የለውም፤ የአገራችን ሰው ድሮ «የአንድ ቀን መንገድ»፣ «ቀትር ላይ ያደርሳል» ይል የነበረው ከዚህ አንጻር ሲታይ ከማስያው የተሻለ ልኬት ነበር፤ ምክንያቱም ዳገቱንም የበቅሎዋንም ድካም አብሮ ይቆጥር ነበር።

ወደ ወጣቱ ጎረቤታችን እንመለስ። አውሮፕላን መረጠ፤ በዚህ ዘመን 690 ኪሎ ሜትር በመኪና መሄድ ከድካሙ በላይ ሌላ ሐሳብም ስላለበት ማንም አልፈረደበትም። ከቦሌ ባሕር ዳር በቀጥታ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአገር ውስጥ መስመሮች የሚሠራው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ዳሽ 8 ኪው 400፣ በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚበር፣ ርቀቱን በግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ባለ ጊዜ ሊጨርሰው ይገባል፤ በትኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው አየር መንገዶች ጊዜ የሚቆጥሩት ከሰማይ ስላልሆነ ነው። አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰባት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ ያለው ሁሉ የበረራ ጊዜ ተብሎ ይያዛል። ተራ መጠበቅ አለ፤ ቀስ ብሎ ወደ ማኮብኮቢያው መሄድ አለ፤ ከፍታ እስኪይዝ ድረስ ሙሉ ፍጥነቱን አይጠቀምም፤ ለማረፍም ከሩቅ ጀምሮ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚያ ላይ የቦሌ ማኮብኮቢያዎች የተዘረጉት በምሥራቅና በምዕራብ አቅጣጫ በመሆኑ ወደ ምሥራቅ የተነሣ አውሮፕላን ዞሮ ነው ሰሜን ምዕራብን የሚይዘው። በአጭር መስመር ላይ እነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ተደምረው ከመንገዱ እኩል ይሆናሉ፤ ረጅም በረራ ላይ ግን ከቁጥርም አይገቡም።

የእሱ ጉዞ በእውነተኛ ሰዓት ሲቆጠር እንዲህ ነበር። ከቀትር በኋላ 7 ሰዓት ላይ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ተሳፈረ፤ 10 ሰዓት ላይ ላምበረት ደረሰ። በሌሊት ተነሥቶ በማግስቱ በረራ መድረስ ስለማይታሰብ ኮተቤ አክስቱ ቤት አደረ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሣ፣ ቦሌ ገብቶ ተፈተሸ፣ ተሰልፎ ቆየ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ በረረ፣ 2 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር ወረደ፣ 3 ሰዓት ላይ ሥልጠናው አዳራሽ ገባ። ከደጃፉ እስከ አዳራሹ በር 20 ሰዓት፤ ከዚህ ውስጥ የአውሮፕላኑ ድርሻ አንዷ ናት። ከቦሌ አጠገብ የሚኖር ሰው ያንኑ በረራ ይዞ ከቤቱ እስከ አዳራሹ ከአምስት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል። ስለ በረራ ጊዜ የሚነገረው ቁጥር ለሁለቱም አንድ ነው፤ ጉዞው ግን አንድ አይደለም፤ ለክፍለ አገር ሰው ዋናው ርቀት ያለው ከአውሮፕላኑ በፊት ነው።

ትኬቱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት እኛ በምንቆጥርበት አይደለም፤ 07:00 ማለት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። የእኔ አጎት ከዓመታት በፊት ለሕክምና ሲሄዱ 07:00 የሚለውን 7 ሰዓት ብለው አንብበው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ተረጋግተው ቦሌ የደረሱት አውሮፕላናቸው ከሄደ ከአምስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነበር። ማንም አላታለላቸውም፤ ትኬቱን የገዛላቸው ልጅ እንኳ ልብ አላለውም ነበር።

በሩቅ በረራ ላይ ደግሞ የሰዓት ቀጣና ልዩነት ይጨመርና ስሌቱ ፈጽሞ ይምታታል። አሜሪካ ዘመድ የሌለው ቤት በከተማችን ጥቂት ነውና በዋሽንግተን መስመር እናስረዳ። እንበልና አንድ አውሮፕላን በበጋቸው ወራት ከዋሽንግተን በእነርሱ ሰዓት 11:00 ተነሥቶ በማግስቱ በእኛ አገር 07:00 አዲስ አበባ ይደርሳል። አንዱን ከአንዱ የቀነሰ ሰው 20 ሰዓት በረረ ይላል። ሲሄድ ደግሞ ማታ 22:45 ተነሥቶ በማግስቱ በእነርሱ 08:45 ቢደርስ 10 ሰዓት ብቻ የፈጀ ይመስላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል በዚያ ወቅት የ7 ሰዓት ልዩነት ስላለ ከመጀመሪያው 7 ቀንሰን በሁለተኛው ላይ 7 ስንጨምር እውነተኛው ይወጣል፤ ሲመጣ 13፣ ሲሄድ 17። ርቀቱ በሁለቱም አቅጣጫ ያው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር የሚሆን ሆኖ ሳለ ጊዜው በአራት ሰዓት የሚለያየው ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ነፋስ ነው። በሰሜናዊው የምድር ክፍል በአውሮፕላኖች የመብረሪያ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ የነፋስ ጅረት አለ፤ ከአሜሪካ ወደ እኛ ለሚመጣው ከኋላው ይገፋዋል፣ ለሚሄደው ፊቱን ይመታዋል። ሁለተኛውና ለእኛ ለደጋ ሰዎች ይበልጥ የሚገባን ምክንያት ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፍ የሚያነሣው አየር ነው፤ ሞተርም የሚያቃጥለው በአየር ነው። አየሩ ሲሳሳ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ ይበልጥ መሮጥ አለበት፤ ማኮብኮቢያው ካልበቃው ሸክሙን መቀነስ አለበት፤ ከሸክሙ ውስጥ በቀላሉ የሚቀነሰው ነዳጅ ነው። ነዳጁን ሳይሞላ የተነሣ አውሮፕላን ነፋስ ፊቱን እየመታው አትላንቲክን በአንድ ትንፋሽ ሊያቋርጥ አይችልም። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ በተለያዩ ዓመታት አንዴ በአየርላንድ ደብሊን፣ አንዴ በቶጎ ሎሜ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ ቆይቷል፤ ተመላሹ ግን ከዝቅተኛ ቦታ ጢም ብሎ ሞልቶ ስለሚነሣ በአንድ ጊዜ ይመጣል።

የአየር መሳሳትን ለመረዳት አብራሪ መሆን አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ውኃ እዚህ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ነው። ለዚህ ነው የባቄላ ንፍሮ ከሸዋ ሮቢቷ እኅቴ ቤት ይልቅ እኛ ቤት እሳት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ የሚቆየው፤ ውኃው ይንተከተካል እንጂ የቆላውን ያህል አይሞቅም።

ጊዜን የሚያስረዝመው ተፈጥሮ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አዲስ አበባና አሥመራ በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው ሳለ፣ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ጀምሮ እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ድረስ ለ20 ዓመት በመካከላቸው መደበኛ በረራ አልነበረም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው በሦስተኛ አገር በኩል መዞር ነበረበት። ተከፈተ፣ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ እንደገና ተቋረጠ። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሲጀመር የዚያች አገር ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ተዘግቶ ወደ ሰሜን የሚበሩት ዙሪያውን ለመሄድ ተገድደዋል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ማብቂያ ላይ ግጭቱ የክልላችን ከተሞች ሲደርስ ወደ ባሕር ዳር፣ ጎንደርና ላሊበላ የሚደረጉ በረራዎችም ለጊዜው ቆመው ነበር። በእነዚያ ቀናት ማስያውን የጠየቀ ሰው ያገኝ የነበረው ያንኑ 54 ደቂቃ ነው።

አሁን በሰፊው የሚወራው በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ቦታ የሚገነባው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በጥር 2018 ዓ.ም. ግንባታው በይፋ ተጀምሯል፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ ሙሉ በሙሉ ሲጠናቀቅ 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ቦታው ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኖች ይበልጥ ከባድ ሆነው መነሣት ይችላሉ፤ ስለ ዋሽንግተን ያነሣነው ችግር በዚህ ይቀልላል፣ በካርታው ላይ አንዲት ኪሎ ሜትር ሳትቀነስ ጊዜው ሊያጥር ይችላል ማለት ነው። ለሰሜን ሸዋ ሰው ግን ሌላ ገጽታ አለው። አቡሴራ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ፣ ወደ ውጭ የሚበር የመንዝ ወይም የቡልጋ ሰው ላምበረት ሲደርስ «ደረስኩ» ማለቱ ይቀርና ከተማዋን በሙሉ አቋርጦ ሌላ ጉዞ ይጀምራል። ባቡርና ፈጣን መንገድ እንደሚያገናኘው ተነግሯል፤ ያ ከሆነ መልካም ነው፣ ካልሆነ ግን በሰማይ የተቆረጠው ሰዓት በምድር ይመለሳል። የኤፍራታና የአጣዬ ሰው በበኩሉ ለአገር ውስጥ በረራ ፊቱን ወደ ኮምቦልቻ ቢያዞር ይሻለዋል፤ ከአጣዬ ኮምቦልቻ ወደ 105 ኪሎ ሜትር ሲሆን አዲስ አበባ ግን ወደ 270 ይርቃል።

ታዲያ ለደብረ ብርሃንም አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራላት የሚለው ሐሳብ ሲነሣ ለምን እንደምጠራጠር ልናገር። ከተማዋ አድጋለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ፋብሪካው በዝቷል። ነገር ግን በ113 ኪሎ ሜትር ላይ አውሮፕላን ከፍታ ሳይዝ መውረድ ይጀምራል፤ ፍተሻውና ጥበቃው ተጨምሮበት ከመኪናው አይቀድምም። ማኮብኮቢያውም በዚህ ከፍታ ከቆላው ይልቅ መርዘም ይኖርበታል። ከዚያ ይልቅ ያን ቀጥታ መስመር ተከትሎ በዓለም ከተማ በኩል ጀማን፣ ወንጭትንና ዓባይን በጥሩ ድልድዮች አሻግሮ ሞጣ የሚያደርስ የተሟላ አስፋልት ቢኖር ምን እንደሚሆን እናስላ። ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በቀጥታ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በመንገድ ወደ 376 ይደርሳል፤ የተራራ መንገድ እንግዲህ ቀጥታውን በአንድ ተኩል ያበዛዋል ማለት ነው። የእኛንም 316 በአንድ ተኩል ብናበዛው 474 ይሆናል፤ ከ690ው 200 ኪሎ ሜትር በላይ ተቀነሰ ማለት ነው፤ የሚጠቀመውም አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው ብቻ ሳይሆን የመርሐ ቤቴና የሚዳ ገበሬ ጭምር ነው። ሸለቆዎቹ ጥልቅ ናቸው፣ ገንዘቡም ብዙ ነው፤ ሰላም ከሌለም መንገድ ተሠርቶ አይሄዱበትም። ሆኖም ስለ ርቀት ስንነጋገር መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ቢሆን እመርጣለሁ።

ጎረቤታችን ከሥልጠናው ሲመለስ የውሎ አበሉን ለማወራረድ ፎርም ሰጡት። ፎርሙ ላይ «የተጓዘበት ርቀት በኪሎ ሜትር» የሚል አንዲት ባዶ መስመር አለች። ሻይ ቤቷ ይዞት መጥቶ ምን ልጻፍ አለን። አንዱ ስልኩ ያለውን 316 ጻፍ አለው፤ ሌላው መኪናውንና አውሮፕላኑን ደምሮ 460 አለ፤ እኔ በመንገድ የሚታወቀው 690 ነው አልኩ። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ብለው ጠየቁትና፣ 20 ሲላቸው «እሱን ጻፋ» አሉት። ጻፈው። በማግስቱ ሒሳብ ክፍሉ ፎርሙን መለሰበት።